የተዛባ ስምና የልደት ቀን የምታቃና አንዲት የከዚራ ቤት

በድሬዳዋ ከዚራ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ በዛፍ ጥላ ከተሸፈነው መንገድ ዳር፣ በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ከሚል ጽሑፍ በቀር ሌላ ስም ያልተለጠፈባት አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያስጠርዙባታል፤ ነጋዴዎች ውላቸውን ያስተይቡባታል። እኔ ግን ላለፉት አራት ወራት የተመላለስኩባት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ ስለ እኔ ተጽፎ የነበረውን የተሳሳተ መረጃ ለማሳረም። ይህ አገልግሎት በሯ ላይ አልተጻፈም፤ ከሰው ወደ ሰው በወሬ የሚታወቅ ነው። ጥንካሬውንም ጉድለቱንም በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በዚህ ችግር የተቸገረ ሰው በከተማችን ጥቂት እንዳልሆነ ወረፋ ስጠብቅ በዐይኔ ስላየሁ ነው።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ማመልከቻ አስገብቼ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ቃለ መጠይቁንም ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ ከሰው ኃይል ክፍሉ ደብዳቤ ደረሰኝ። በማመልከቻዬ ላይ የተወለድኩበት ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1985 ተብሎ ሳለ በኢንተርኔት በሚገኘው የሙያ ገጼ ግን 1978 ስለሚል፣ የትምህርት ዝግጅቴና የስልክ ቁጥሬም ስለማይጣጣሙ፣ ማብራሪያ እንድሰጥ የሚጠይቅ ነበር። ከልዩነቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ «የሙያ ገጽዎ» የሚለው ቃል ነው፤ እንዲህ ያለ ገጽ ከፍቼ አላውቅም።

ገጹን ያገኘሁት በአንድ የውጭ አገር የባለሙያዎች ማውጫ ውስጥ ነው። ማውጫው ሰዎች ራሳቸው የሚመዘገቡበት ሳይሆን፣ ከየድረ ገጹ ስም፣ ሙያና አድራሻ በማሽን እየለቀመ በእያንዳንዱ ሰው ስም ገጽ የሚከፍት ነው። የእኔ የመጀመሪያ ስም «ሲስተር» ተብሎ ሰፍሯል። የራሴ ስም ወደ ሁለተኛው ቦታ ተገፍቶ የአባት ስም ሆኗል፤ የአባቴ ስም ጨርሶ የለም። በአገራችን ነርስን «ሲስተር» ብሎ መጥራት የአክብሮት ልማድ መሆኑን የማያውቅ ማሽን፣ ከስሜ በፊት ያገኘውን ቃል ስም አድርጎ ወሰደው ማለት ነው። ከሥር በተጻፈው አጭር መግለጫ ደግሞ የካቶሊክ መነኩሲት ተብያለሁ። የልደት ዘመኔ 1978፣ ስልኬ ከስድስት ዓመት በፊት የለቀቅሁት የጤና ተቋም ስልክ፣ ትምህርቴም ተምሬው የማላውቀው የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂ ነበር። አባቴ በሕይወት የለም። ስሙ ከስሜ ተነጥሎ ማየቴ ከሁሉም በላይ ከብዶኛል።

ወደ ከዚራዋ ቤት ከመሄዴ በፊት ሁለት ነገር ሞክሬ ነበር። በመጀመሪያ በገጹ ግርጌ ያለውን «ስህተት ጠቁም» የሚል ቁልፍ ተጭኜ አቤቱታዬን ጻፍኩ። ስልኩ ወዲያው ጠፋ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ያው ስልክ ተመልሶ መጣ። ከዚያም «ሁሉንም አጠፋልሻለሁ» ያለኝ አንድ የሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። የኢሜይሌንና የፌስቡኬን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ገንዘብም በቅድሚያ ተቀበለ። የይለፍ ቃሉን አልሰጠሁትም፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰልኝም። ይህን የማነሣው ለንጽጽር ነው፤ የከዚራዋ ቤት ባለቤት በአራት ወር ውስጥ አንድም ቀን የይለፍ ቃሌን አልጠየቀችኝም። ወደ መለያ መግባት ሲያስፈልግ ወንበሯን አዙራ እኔው እንድጽፍ ታደርጋለች፤ ስጨርስም መውጣቴን ሳታረጋግጥ ወደ ሌላ ሥራ አታልፍም።

በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩን አልነካችውም። አንድ ነጭ ወረቀት አውጥታ በሁለት መስመር ለሦስት ከፈለችው፤ በአንደኛው ረድፍ የተጻፈውን ስህተት፣ በሁለተኛው እውነቱን፣ በሦስተኛው እውነቱን የሚያስረዳውን ሰነድ አስመዘገበችኝ። በድሬ ልማድ ደንበኛውን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» እያለች ነው የምታነጋግረው፤ ለትንሹም ለትልቁም ያው ነው፣ ማንም አይቀየማትም። «ሲስተር፣ ሰነድ የሌለውን እርማት አንጠይቅም፤ አንዱ ቢወድቅብን ሌላውንም ይጠራጠሩታል» አለችኝ። በዚህ ምክንያት ያለ ማስረጃ የጻፍኩትን አንድ የሥልጠና ዓመት ከዝርዝሩ አስወጣችው። በወቅቱ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ማውጫው ለእያንዳንዱ ነጥብ ማስረጃ ሲጠይቅ፣ የተሟላ መልስ በአንድ ጊዜ ለመስጠት የቻልነው በዚያ ጥንቃቄ ነው።

የቤቷን ሥራ ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር ስህተቱን ከታየበት ቦታ ሳይሆን ከመጣበት ቦታ ጀምራ መፈለጓ ነው። የከተማችንን የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሰማዩ እንደ ጠራ በደጋው በኩል ከዘነበ ግን ጎርፉ በድንገት ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ወርዶ ያደረሰውን እልቂት ያየን ሰዎች፣ የጎርፍን ነገር ከደጋው ጀምሮ እንጂ ድልድዩ ሥር ቆሞ ማሰብ እንደማይጠቅም እናውቃለን። የእኔ ስልክ ቁጥር ከማውጫው ከጠፋ በኋላ የተመለሰውም በዚሁ መንገድ ነበር፤ ማሽኑ በየጊዜው ወደ ምንጩ እየተመለሰ እንደ አዲስ ይለቅማል፣ ምንጩ ካልታረመ እርማቱ እስከሚቀጥለው ለቀማ ብቻ ይቆያል።

ምንጩን ያገኘችበት ዘዴ ቀላል ቢሆንም እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ስሜን ከመፈለግ ይልቅ የቀድሞውን ስልክ ቁጥር በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋ በጉግል ፈለገች፤ ከዚያም «ሲስተር» የሚለውን ቃል ከነተሳሳተው የስሜ አጻጻፍ አያይዛ ደገመችው። እውነተኛ መረጃ ብዙ ቦታ ይገኛል፤ የተሳሳተ ፊደል ግን ከየት እንደተቀዳ ያጋልጣል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ አንድ የፒዲኤፍ ሰነድ ወጣ። ከዓመታት በፊት የተካፈልኩበት የእናቶች ጤና ሥልጠና ዘገባ ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ የተሳታፊዎች ዝርዝር ከነስልካችንና ከነልደት ዘመናችን ተያይዟል። በእጅ የሞላሁትን ቅጽ የተየበው ሰው «ሲስተር» የሚለውን በስም ዓምድ አስገብቶታል፤ እኔም በቅጹ ላይ የልደት ዘመኔን በእኛ አቆጣጠር 1978 ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከእኔ በላይ በተራ ቁጥር የተቀመጠችው ደግሞ ሐረር የምትሠራ ሞክሼዬ ነበረች፤ የእሷ ሙያ ላቦራቶሪ ነው።

የልደት ቀኑ ጉዳይ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ በዚህች ቤት ከሚመጣው ጉዳይ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው እንደሆነ ባለቤቷ ነግራኛለች። የተወለድኩት ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው። ይህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 1985 ይሆናል። ቁጥሩ ሳይለወጥ በአውሮፓውያን መስክ ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ 7 ዓመት አረጃለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያውቅ «8 ጨምርበት» ይላል፤ እሱም ለእኔ ስህተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው ልዩነት 7 ዓመት ሲሆን፣ 8 የሚሆነው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ ብቻ ነው። ዓመቱን አስተካክሎ ወርና ቀኑን እንዳለ መተው ደግሞ ሌላ ስህተት ይወልዳል፤ የእኔን 12/2 ተብሎ የተጻፈ ቀን አንዱ ፌብሩዋሪ 12፣ ሌላው ዲሴምበር 2 ብሎ ሊያነበው ይችላል። በዚህ ላይ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግሥት እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ስለሚውል፣ እስከ ፌብሩዋሪ ማለቂያ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይሸጋሸጋል።

የቤቷ ባለቤት ይህን ሁሉ በቃል አትሠራውም። በሁለት የተለያዩ የቀን መለወጫዎች ታስላና ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ትቀበላለች፤ ከዚያም ከደንበኛው ሰነድ ጋር ታመሳክራለች። በፋይዳ ካርዴ ላይ የልደት ቀኔ በሁለቱም አቆጣጠር ታትሞ ስለነበር የእኔ ቀለለ። ወር ሲጻፍ ግን በቁጥር ሳይሆን በቃል እንዲሆን አጥብቃ ትመክራለች፤ «ኦክቶበር» የሚለውን ቃል ማንም ወደ ፌብሩዋሪ ሊለውጠው አይችልም። ካርዱ ራሱ ስህተት ያለበት ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ የድረ ገጹን ሥራ አትጀምርለትም፤ በመጀመሪያ ወደ መዝገቡ ሄዶ እንዲያሳርም ትልከዋለች። አንድ አባት በዚህ ሲናደዱ አይቻለሁ። ነገር ግን ትክክለኛዋ እሷ ናት፤ መታወቂያው ከሚናገረው ጋር የሚጋጭ ገጽ ማበጀት አዲስ ስህተት መትከል ነው።

የስም ጉዳይ ከዚህም ይሰፋል። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የአባት ስም የአባት ነው፣ ሴት ብታገባም ስሟ አይለወጥም። ድረ ገጾቹ ግን ሁለት ሣጥን ብቻ አቅርበው «የቤተሰብ ስም» ይላሉ። «ኃይለ ማርያም» የሚል ስም ለሁለት ተቆርጦ «ማርያም» አባት ይሆናል፤ «ገብረ ሥላሴ» የሚባል ሰው «ገብረ» ብቻ ተብሎ ይጠራል። በአማርኛ ፊደል ብቻ እንኳ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለፈላጊው ማሽን ሦስት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ቤቷ ለእንዲህ ያሉ ስሞች የምትሰጠው ምክር ሁለቱን ክፍል ያለ ክፍተት ገጥሞ መጻፍና በሁሉም ቦታ ያንኑ መድገም ነው። ፓስፖርት ያለው ሰው የፓስፖርቱን የላቲን አጻጻፍ እንዲይዝ ታስገድዳለች ማለት ይቻላል፤ ባትወጂውም ያዢው፣ ማጣራት የሚፈልግ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው ትላለች።

በድሬዳዋ ላይ የተለየው ነገር፣ አንድ ቤተሰብ ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊ በአንድ ገበታ መቅረባቸው ነው፤ ሐረር ስትደርስ ሐረሪው ይጨመራል። የሶማሊ ቋንቋ ከ1972፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ከ1991 ጀምሮ፣ ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በላቲን ፊደል በይፋ ይጻፋሉ፤ ነገር ግን ፊደሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ይለያያል። «ሲ» የሚባለው ፊደል በሶማሊ አጻጻፍ የ«ዐ» ድምፅ ነው፣ በቁቤ «ጨ» ነው፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ «ከ» ይለዋል። «ኤክስ» የሚባለው በሶማሊ «ሐ»፣ በቁቤ «ጠ» ነው። ስለዚህ ዐብዲ የሚባል ሰው በሶማሊ አጻጻፍ ስሙን በ«ሲ» ጀምሮ ሲጽፍ፣ በትምህርት ቤቱ ማስረጃ ላይ ግን በ«ኤ» ሲጻፍለት፣ በኢንተርኔት ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ጫልቱ የተባለች ልጅ በቁቤ በትክክል የጻፈችውን ስም የውጭ አገር ቀጣሪ «ካልቱ» ብሎ ያነበዋል። ይህ የባለስሞቹ ስህተት አይደለም፤ ስማቸውን በራሳቸው ቋንቋ ሥርዓት መጻፋቸው ተገቢ ነው። ቤቷ ሦስቱንም አጻጻፍ ስለምታውቅ አንዱን አጥፍታ ሌላውን አትተክልም፤ ሕጋዊውን አጻጻፍ ዋና አድርጋ ሌላውን «በሌላ አጻጻፍ» በሚለው መስክ ታስገባለች። ይህን ለመሥራት ቋንቋዎቹን ሰምቶ ማደግ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ በስልክ ሊሠራልኝ ያሰበ ሌላ ሰው ሊያደርገው የሚችል አልመሰለኝም።

ፌስቡክን በተመለከተ አንድ ጠቃሚ ጥንቃቄ አይቻለሁ። በዚያ መድረክ ላይ ስም አንድ ጊዜ ከተለወጠ እስከ 60 ቀን ድረስ ዳግመኛ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ አዲሱን ስም በወረቀት ጽፋ፣ ደንበኛው ፊደል በፊደል አንብቦ ከፈረመበት በኋላ ብቻ ነው ቁልፉ የሚጫነው። በጉግል ካርታ ላይ ሱቃቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚከፈት ሆኖ የተመዘገበባቸው አንድ ልብስ ሰፊም በእኔ ፊት ጉዳያቸውን አስጨርሰዋል፤ ልጃቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱን ካርታው በፈረንጅ ሰዓት ተረድቶት ነበር።

ወደ እኔ ጉዳይ ስመለስ፣ ሦስት ደብዳቤ ተጻፈ። የመጀመሪያው ዘገባውን ላወጣው አገር በቀል ተቋም ነው። በደብዳቤው ላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት እንደሚሰጠኝ ተጠቀሰ፤ የአዋጁ ተቆጣጣሪ አካል የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መሆኑም ተገለጸ። ጽሑፉ ማስፈራሪያ አልነበረውም። የጠየቅነውም ዘገባው እንዲነሣ ሳይሆን፣ የተሳታፊዎች ስልክና የልደት ዘመን የያዘው የመጨረሻ ገጽ እንዲወጣ ነው። በ9 ቀን ውስጥ አዲስ ፒዲኤፍ ተተካ፤ በዚያ ዝርዝር የነበሩ ሌሎች ባልደረቦቼም ሳያውቁት ተጠቀሙ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ለማውጫው ነው። ድርጅቱ በአንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር የተቋቋመ መሆኑን ከገጹ የሕግ ማስታወቂያ አንብባ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነውን የኅብረቱን አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ጠቀሰች። እኔ የአውሮፓ ነዋሪ ስላልሆንኩ አይመለከተኝም ብዬ ነበር። ደንቡ ግን በኅብረቱ ውስጥ የተቋቋመ መረጃ ያዥን የሚገዛው ባለመረጃው የየትም አገር ሰው ቢሆን ነው። አንቀጽ 16 የማሳረም መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 12 መልስ በአንድ ወር ውስጥ፣ ጉዳዩ ከተወሳሰበ ደግሞ በተጨማሪ ሁለት ወር ውስጥ፣ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። እኔን ይበልጥ የጠቀመኝ ግን አንቀጽ 19 ነው፤ መረጃውን አስቀድሞ ለሌሎች ያስተላለፈ ድርጅት፣ የማይቻል ወይም ከመጠን ያለፈ ድካም የሚጠይቅ ካልሆነ በስተቀር፣ እርማቱን ለእነሱም እንዲያሳውቅ ይገደዳል። ከማውጫው ገልብጠው የወሰዱ ሁለት ገጾች ራሳቸው የተስተካከሉት በዚህ ይመስለኛል።

ማንነቴን ለማስረዳት የመታወቂያዬን ቅጂ ስንልክ ያደረገችውን ጥንቃቄ ሁሉም ሰው ቢለምደው እወዳለሁ። የፋይዳ ቁጥሩን፣ ፎቶውንና ከካርዱ ላይ በስካነር የሚነበበውን ኮድ በጥቁር ሸፍና፣ ስሜንና የልደት ቀኔን ብቻ ገልጣ፣ በላዩ ላይ በሰያፍ «ለመረጃ እርማት ብቻ የተላከ» ብላ ከነቀኑ ጻፈችበት። የተሳሳተ መረጃ ለማሳረም ብሎ ትክክለኛውን ሁሉ አሳልፎ መስጠት ከቀድሞው የባሰ ጉዳት ነው። ማውጫው በ19ኛው ቀን መለሰ፤ ስሜ ከነአባቴ ስም በቦታው ገባ፣ መነኩሲት የሚለው ተነሣ፣ የልደት ዘመኑ ጨርሶ ወጣ። የልደት ዘመኑን ከማረም ይልቅ እንዲወጣ የጠየቅነው፣ ለሙያ ገጽ አስፈላጊነት የሌለው መረጃ በመሆኑ ነው።

ገጹ ከታረመ በኋላም በጉግል ፍለጋ ውስጥ አሮጌው ጽሑፍ ለቀናት ይታይ ነበር። ይህን የሚያስተካክለው ጉግል ያዘጋጀው ጊዜው ያለፈበትን ይዘት ማደሻ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚሠራው ዋናው ገጽ አስቀድሞ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ብቻ ነው፤ ጉግል የሌላን ድረ ገጽ ጽሑፍ ራሱ አያርምም። ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምርና ጥያቄው ውድቅ ሲሆንበት ተስፋ ይቆርጣል። ቅደም ተከተሉን ማወቅ የዚህች ቤት ሙያ ነው፤ እኔ የከፈልኩትም ለእሱ እንደሆነ ይሰማኛል።

ሦስተኛው ደብዳቤ ለሰው ኃይል ክፍሉ የተጻፈ ማብራሪያ ነው። ከላይ የተገለጸው ሦስት ረድፍ ያለው ወረቀት በንጹሕ ተገልብጦ አብሮ ተያያዘ። ድርጅቱ ማብራሪያውን ተቀብሎ ጉዳዬን አስቀጥሎልኛል።

በመካከሉ ሞክሼዬን ለማግኘት ሐረር ሄጄ ነበር። የእሷም ገጽ በእኔ መረጃ ተበርዞ እንደሆነ የከዚራዋ ቤት ባለቤት ስለጠረጠረች፣ ስልኳን ከዘገባው ላይ ወስደን ከመደወል ይልቅ ወደ መሥሪያ ቤቷ በአካል እንድሄድ መከረችኝ፤ ያለፈቃዷ በኢንተርኔት የተበተነን ቁጥር እኛም መጠቀም የለብንም አለች። ይህ ቃሏ በጣም ነክቶኛል። የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ ከሸዋ በር ብዙም በማይርቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ አገኘኋት። በእሷ ገጽ ላይ አዋላጅ ተብላ ኖሯል፤ እናቶች እየደወሉ ምክር ሲጠይቋት ከየት እንዳመጡት ግራ ገብቷት ነበር። በሳምንቱ ድሬዳዋ መጥታ የእሷም ደብዳቤ ተጻፈ። አሁን ሁለታችንም የአያት ስማችንን ጨምረን በሦስት ስም ነው የምንጽፈው፤ ከዚያ ወዲህ አንዳችን ከሌላችን ጋር አልተቀላቀልንም።

ጉድለቶቹን ሳልጽፍ ባልፍ ለአንባቢ ታማኝ አልሆንም። ቤቷ አንድ ክፍል ብቻ ናት። የልደት ቀን፣ የአባት ስም፣ አንዳንዴም የሕመም ወይም የፍቺ ጉዳይ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እየሰማ ይነገራል። የግል መረጃን በሚመለከት አገልግሎት ውስጥ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። መጋረጃ እንኳ ቢኖር ወይም ጥያቄው ሁሉ በወረቀት ቢሞላ ይሻል ነበር። ከዚህ የከፋው በሁለተኛው ቀን ያየሁት ነው፤ በኮምፒውተሩ ፊት ገጽ ላይ የሌሎች ደንበኞች የመታወቂያ ቅጂ በስማቸው ተሰይሞ ተደርድሮ ነበር። ነገርኳት። አፈረች፤ በእኔ ፊት አጥፍታ፣ ከዚያ ወዲህ ሰነዱን ለደንበኛው በራሱ ፍላሽ ሰጥታ ሥራው ሲያልቅ ከኮምፒውተሩ ትሰርዛለች። በሚቀጥሉት ጉብኝቶቼ ይህን ማድረጓን አረጋግጫለሁ፤ ሆኖም ደንበኛው ራሱ ከመውጣቱ በፊት ጠይቆ ማየት አለበት። ደረሰኝም አትሰጥም፤ በቴሌብር ሲከፈል የሚመጣው መልእክት ብቻ ነው ማስረጃው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያለ ውጤት ተመልሻለሁ።

ለሦስቱም ደብዳቤና ለክትትሉ የከፈልኩት በጠቅላላው 1,200 ብር ነው። ግማሹን በመጀመሪያ፣ ግማሹን ማውጫው ሲታረም ከፍያለሁ፤ ካልታረመ ሁለተኛው ግማሽ እንደማይከፈል አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ለፌስቡክ ስም ወይም ለካርታ ሰዓት ከዚህ በጣም ያነሰ ታስከፍላለች። ቢቸግርም ራሱ ሊሠራው የሚችል ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል፤ የመብት ጥያቄው በየትም ቦታ በነፃ ነው፣ እሷም ይህን አትደብቅም። ስሙ በብዙ ገጽ የተሠራጨበት፣ ወይም በሦስት ቋንቋ ሦስት ዓይነት የተጻፈበት ሰው ግን የሚያገኘው ጥቅም ከዋጋው ይበልጣል። ስም እንዲጠፋ ብቻ ለሚፈልግ ወይም እውነተኛ ታሪኩን ለመሸፈን ለሚመጣ ሰው አትሠራም፤ አንዱን ስትመልሰው ሰምቻለሁ።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱን ወይም የፋይዳ ካርዱን፣ ፓስፖርት ካለው ፓስፖርቱን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የተሳሳተውን ገጽ አድራሻና የራሱን ፍላሽ ይዞ ይሂድ። ገጹን ከመንካቱ በፊት ከነቀኑ ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጥ። ቤቷ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት፣ ከሙቀቱ በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ትከፈታለች፤ ለዚህ ሥራ የሚሻለው ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣ ተማሪ ገና ያልበዛበት የጠዋቱ መጀመሪያ ነው። የእኔ ጉዳይ አንድ ገጽ ቀርቶታል፤ ባለቤቱም አድራሻውም ያልተገለጸ ድረ ገጽ ስለሆነ ጥያቄው ገጹን ለሚያስተናግደው ኩባንያ ተልኳል፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀንም በዚያው ወረቀት ግርጌ በእርሳስ ተጽፏል።